ለጥናት ጋዜጣ ስናነብ፦ ዜናው፣ ርዕሰ አንቀጹ፣ ማስታወቂያው

እኛ ቤት ክርክር የሚያበቃው አባቴ "ጋዜጣ ላይ ወጥቷል እኮ!" ሲል ነው። የብዙዎቻችሁም ቤት እንደዚሁ ይመስለኛል። ኮሌጅ ስንገባ ግን ይህ መልስ አይሠራም። ጋዜጣ ላይ የወጣው ምኑ ነው? ዜና ነው? ርዕሰ አንቀጽ ነው? ከዜና ወኪል የተገዛ ነው? ወይስ አንድ ኩባንያ ከፍሎ ያሳተመው ማስታወቂያ ነው? መምህሩ ይህን ሲጠይቅ ብዙዎቻችን ዝም እንላለን፤ ጋዜጣን እንደ አንድ ነገር አድርገን ስለምናየው ይመስለኛል።

በዚህ ሴሚስተር በነርሲንግ ታሪክ ኮርስ የ1918ቱን የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ በዘመኑ ጋዜጦች አጥንተን እንድንጽፍ ታዘን ነበር። እኔ ፊላደልፊያን መረጥኩ። ታሪክ፣ ሶሺዮሎጂ ወይም ፐብሊክ ኸልዝ ለምታጠኑም ይጠቅማችኋል ብዬ ከዚያ ሥራ ያገኘሁትን እዚህ ላስረዳ። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ የኢትዮጵያ ሲሆን ዓ.ም. ብዬ እጽፋለሁ።

መጀመሪያ ታሪኩን በአጭሩ። አንደኛው የዓለም ጦርነት ገና አላለቀም። ሴፕቴምበር 28 ቀን 1918 ፊላደልፊያ ውስጥ ለጦርነቱ የሚሆን ቦንድ ለመሸጥ ትልቅ ሰልፍ ተደረገ፤ 200,000 ያህል ሰው መንገድ ላይ ወጣ። በሽታው ግን ቀድሞ ከተማዋ ገብቶ ነበር። ከሰልፉ በኋላ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሆስፒታሎች ሞሉ። ኦክቶበር መጀመሪያ ላይ ትምህርት ቤቶች፣ ቤተ ክርስቲያኖችና ቲያትር ቤቶች ተዘጉ። በስድስት ሳምንት ገደማ ከ12,000 በላይ ሰው ሞተ። ኦክቶበር 16 ባበቃው አንድ ሳምንት ብቻ የሞተው ሰው 4,597 ነበር።

አሁን ሁለት ጽሑፎችን ጎን ለጎን እናስቀምጥ፤ ሁለቱም የዚያ ወር ናቸው። አንደኛው ፊላደልፊያ ኢንኳየረር የተባለው ትልቅ ጋዜጣ ርዕሰ አንቀጽ ነው። (እኔ "ኤዲቶሪያል" ብዬ ነበር የጻፍኩት፤ "ርዕሰ አንቀጽ" የሚለውን የሰጠችኝ አማርኛዬን የምታየው እናቴ ናት።) ጋዜጣው የከተማው ባለሥልጣናት መሰብሰቢያ ቦታዎችን መዝጋታቸውን ተቃወመ፤ ሕዝቡን በከንቱ ማስፈራራት ነው አለ፤ ስለ በሽታ ከማውራት ስለ ደስ የሚያሰኝ ነገር ብናወራ ይሻላል ብሎም መከረ። ሁለተኛው የቤል ስልክ ኩባንያ በከተማዋ ጋዜጦች ላይ ያወጣው ማስታወቂያ ነው። ከኦፕሬተሮቻችን 800ው፣ ማለትም 27 በመቶው፣ በኢንፍሉዌንዛ ምክንያት ሥራ ላይ የሉም፤ ስለዚህ በበሽታው ወይም በጦርነቱ ምክንያት ግድ ካልሆነባችሁ በቀር ስልክ አትደውሉ ይላል።

የትኛው ነው ምንጭ? ሁለቱም ናቸው፤ ምንጭ የሚሆኑት ግን ለተለያየ ጥያቄ ነው። "በኦክቶበር 1918 የከተማዋ ሁኔታ ምን ይመስል ነበር?" ለሚል ጥያቄ ርዕሰ አንቀጹን ይዤ ብጽፍ ፊላደልፊያ በደህና የምትኖር ከተማ ትመስላለች። "ትልልቅ ጋዜጦች ሕዝቡ ምን እንዲያስብ ይፈልጉ ነበር?" ለሚለው ግን ከርዕሰ አንቀጹ የተሻለ ማስረጃ አላገኝም። የስልክ ኩባንያው ታሪክ ልጻፍ አላለም። በየጠዋቱ ስንት ሠራተኛ እንደቀረበት ቆጥሮ ያውቃል፤ ስልክ አትደውሉ ማለት ደግሞ ገንዘብ ያሳጣዋል። ራሱን እየጎዳ የተናገረው ስለሆነ ቁጥሩን አምነዋለሁ።

ቁጥሩን ማመን ግን አንድ ነገር ነው፣ በሱ ምን ማለት እንደሚቻል ማወቅ ሌላ። በዚያ ዘመን የስልክ ኦፕሬተሮች በአብዛኛው ወጣት ሴቶች ነበሩ፤ ቀኑን ሙሉ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ነው የሚሠሩት። የ1918 ኢንፍሉዌንዛ ደግሞ ከተለመደው ጉንፋን በተለየ ወጣቶችን አጥብቆ የመታ ነው። ስለዚህ "ከፊላደልፊያ ሕዝብ 27 በመቶው ታሞ ነበር" ብሎ መጻፍ አይቻልም። ማስታወቂያው የሚናገረው ስለ አንድ የሥራ ቦታና ከእኔ ዕድሜ ብዙም ስለማይርቁ ሴቶች ነው። እኔ በበኩሌ በዚህ ሥራ ካነበብኳቸው ሁሉ አእምሮዬ ውስጥ የቀረው እሱ ነው።

ማስታወቂያ ሁሉ እንደዚህ እውነተኛ እንዳይመስላችሁ። ቪክስን የማያውቅ የሐበሻ ቤት ያለ አይመስለኝም፤ ጉንፋን የያዘው ልጅ ደረቱና የእግሩ መዳፍ ተቀብቶ፣ ካልሲ ተደርጎለት ይተኛል። ይኸው ቪክስ በ1918 በአሜሪካ ጋዜጦች ላይ ያወጣው ማስታወቂያ አለ። ርዕሱ ስፓኒሽ ኢንፍሉዌንዛ ምን እንደሆነና እንዴት መታከም እንዳለበት እንደሚያስረዳ ሆኖ የተሰናዳ ነው። አዲስ በሽታ አይደለም፣ የድሮው ግሪፕ ነው እያለ እንደ ጤና ጽሑፍ ይቀጥልና መጨረሻው ቅባቱ ጋ ይደርሳል። አምዱና ፊደሉ ከዜናው ጋር ስለሚመሳሰል በስካን ስታዩት፣ በተለይ ተቆርጦ ከገጹ ተለይቶ ስታገኙት፣ ዜና ነው ብሎ መውሰድ ቀላል ነው። የበሽታውን ሕክምና ለማስረዳት ማስረጃ ሊሆን አይችልም። ሐኪም በቀላሉ የማይገኝበት ሰሞን ቤት ውስጥ ታማሚ የምታስታምም እናት ምን እየተነገራት እንደነበር ለማወቅ ግን ወርቅ ነው።

ለዚህ ነው ሁልጊዜ ቁራጩን ሳይሆን ሙሉውን ገጽ ክፈቱ የምለው። ጽሑፉ የፊት ገጽ ላይ ነው ወይስ ገጽ 14 ላይ? አጠገቡ ምን አለ? ከላይ የጸሐፊ ስም ወይም የዜና ወኪል ስም አለው? ከታች በትንሽ ፊደል "ማስታወቂያ" ይላል?

ተራው የዜና ዘገባ ጋ እንምጣ። ዜና የሚጠቅመው ለቀንና ለትእዛዝ ነው፦ ትምህርት ቤት የተዘጋው መቼ ነው፣ የከፈተው መቼ ነው፣ ትእዛዙን የሰጠው ማን ነው። በ2007 በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር ጆርናል (ጃማ) ላይ የወጣ አንድ ታዋቂ ጥናት 43 የአሜሪካ ከተሞችን አነጻጽሮ፣ ቶሎ የዘጉና ረዘም ላለ ጊዜ የዘጉ ከተሞች የሞት መጠናቸው ያነሰ እንደነበር አሳይቷል። ተመራማሪዎቹ እያንዳንዱ ከተማ መቼ ምን እንደዘጋ ያወቁት በከፊል ከዘመኑ ዕለታዊ ጋዜጦች ነው። የሞቱን ቁጥር ግን ከጋዜጣ አልወሰዱም፤ ከአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ ቢሮ ሳምንታዊ ሪፖርት ነው የወሰዱት። እኔ ይህን ሳነብ ነገሩ ሁሉ በራልኝ። ጋዜጣ ሳይንሳዊ ምንጭ አይደለም ብሎ የሚንቅ ጓደኛ ካላችሁ ይህን ጥናት አሳዩት። ጋዜጣ ላይ ያለው ሁሉ ማስረጃ ነው ለሚለውም እንዲሁ።

ዜና ስታነቡ የሚናገረው ማን እንደሆነ ለዩ። በፊላደልፊያ ዜናዎች ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚናገረው የከተማው የጤና ኃላፊ ዊልመር ክሩሰን ነው። ጋዜጣው "በሽታው እየቀነሰ ነው" ብሎ ከጻፈ፣ እናንተ መጻፍ ያለባችሁ "በሽታው ቀነሰ" ሳይሆን "ኃላፊው በሽታው እየቀነሰ ነው ማለታቸውን ጋዜጣው ዘገበ" ነው። ረዘም ይላል፣ ያሰለቻል፣ ግን እውነቱ እሱ ነው።

ሌላው የዜና ወኪል ነገር ነው። አሶሼትድ ፕሬስን የመሳሰሉ ወኪሎች አንድ ዜና ለብዙ ጋዜጦች ይልካሉ። በአሥር ከተማ አሥር ጋዜጣ ላይ ያው ዜና ወጥቶ ካገኛችሁ አሥር ምስክር አይደለም፤ አንድ ምስክር አሥር ጊዜ ሲታተም ነው። ከዚያ የሚማረው ሌላ ነገር ነው፦ ወሬው የት ድረስ እንደደረሰ፣ የትኛው ጋዜጣ የቱን መስመር ቆርጦ እንዳስቀረ።

የሞት ማስታወቂያዎች ከባድ ናቸው፤ ለማንበብም ለመጠቀምም። ቤተሰብ ከፍሎ የሚያወጣው አጭር ማስታወቂያ ስም፣ ዕድሜ፣ አድራሻ፣ የቀብር ሰዓት ይሰጣችኋል፤ የሞቱን ምክንያት ግን ብዙ ጊዜ አይናገርም። ያገባች ሴት በራሷ ስም ሳይሆን በባሏ ስም ተጽፋ ልታገኟት ትችላላችሁ። በስም የምትፈልጓት ነርስ ከጠፋችባችሁ አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል። ስለ ታዋቂ ሰው ጋዜጠኛ የሚጽፈው ረዥም የሕይወት ታሪክ ደግሞ ሌላ ዓይነት ጽሑፍ ነው፤ ሁለቱን አትቀላቅሉ።

ለአዘጋጁ የሚላኩ ደብዳቤዎችንም እወዳለሁ፣ ግን አንድ ደብዳቤ የአንድ ሰው ሐሳብ ነው፤ የሚወጣውን የሚመርጠውም አዘጋጁ ነው።

እስካሁን ያልኩት በአንድ ጋዜጣ ውስጥ ስላሉት የጽሑፍ ዓይነቶች ነው። የማን ጋዜጣ ነው የሚለውም ጥያቄ አለ፤ ለእኛ ለነርሲንግ ተማሪዎች ደግሞ ይህ ይበልጥ ይነካናል። በዚያ ወቅት ብዙ ነርሶች ከሠራዊቱ ጋር ሄደው ስለነበር በየከተማው "ነርስ ይፈለጋል" የሚል ጥሪ ይወጣ ነበር። ጥሪውን ብቻ ያነበበ ሰው የሠለጠነ ነርስ ከአገሩ አልቆ ነበር ይላል። አላለቀም። ፊላደልፊያ ውስጥ ራሱ ከ1895 ጀምሮ ጥቁር ነርሶችን የሚያሠለጥን የፍሬድሪክ ዳግላስ መታሰቢያ ሆስፒታል ነበር። የአሜሪካ ሠራዊት የነርሶች ጓድ ግን ጥቁር ነርሶችን አይቀበልም ነበር። በመጨረሻ 18 ጥቁር ነርሶች ተወስደው ኢሊኖይ ውስጥ ወደ ካምፕ ግራንትና ኦሃዮ ውስጥ ወደ ካምፕ ሸርማን የተላኩት በዲሴምበር 1918 ነው፤ ጦርነቱ ኖቬምበር 11 ካበቃ በኋላ ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ጥያቄ ይዛችሁ ስትነሱ በ1884 የተመሠረተውን ፊላደልፊያ ትሪቢዩንና በ1905 የተመሠረተውን ቺካጎ ዲፌንደርን የመሳሰሉ የጥቁሮች ጋዜጦች ውስጥ መግባት አለባችሁ። የነጮቹ ጋዜጣ ላይ የ"ነርስ እጥረት" የተባለው ነገር የጥቁሮቹ ጋዜጣ ላይ ሌላ ስም ሊኖረው ይችላል።

ጋዜጣ ያልጻፈውስ? ጆን ባሪ "ዘ ግሬት ኢንፍሉዌንዛ" በተባለው መጽሐፉ እንደሚተርከው፣ ከሰልፉ በፊት ሃዋርድ አንደርስ የተባሉ ሐኪም ሰልፉ በሽታውን ያሰራጫል ብለው ለጋዜጠኞች ተናግረው ነበር፤ ማስጠንቀቂያቸውን ያተመ ጋዜጣ ግን አልነበረም። አርካይቭ ውስጥ ብትፈልጉ አታገኙትም ማለት ነው። "ማንም አላስጠነቀቀም" ብሎ መደምደም ግን ስህተት ነው። "ስፓኒሽ ፍሉ" የሚለው ስምም የመጣው ከዚህ ነው። ተዋጊዎቹ አገሮች ወሬውን በሳንሱር ሲያፍኑ ገለልተኛ የነበረችው የስፔን ጋዜጦች በግልጽ ጻፉ፤ ንጉሡ አልፎንሶ 13ኛም ታመው ነበርና ወሬው ይበልጥ ተሰማ። የጻፈው አገር በሽታው በስሙ ተጠራበት።

እዚህ ላይ ወደ አገራችን ልዝለቅ፤ ይኸው ወረርሽኝ ኢትዮጵያም ገብቷልና። የኅዳር በሽታ የምንለው እሱ ነው። በኅዳር 1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን ክፉኛ መታ፤ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪም ታመው ድነዋል። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እየተጠረገ የሚቃጠለው፣ "ኅዳር ሲታጠን" የሚባለው ልማድ ከዚያ ጊዜ ጋር ይያያዛል። አያቶቻችን ሲያወሩት የሰማችሁ ትኖራላችሁ። የፊላደልፊያን ገጾች በየቀኑ እያገላበጥኩ ሳለ ስለ አዲስ አበባም እንዲሁ ለማየት አሰብኩ። ግን ሳምንት በሳምንት የሚወጣው ብርሃንና ሰላም ጋዜጣ የተጀመረው በታኅሣሥ 1917 ዓ.ም. (ጃንዋሪ 1925) ነው፤ ከወረርሽኙ ስድስት ዓመት በኋላ። አዲስ ዘመን ደግሞ የመጣው በ1933 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ለኅዳር በሽታ የፊላደልፊያውን ዘዴ መጠቀም አይቻልም፤ ከመጽሐፍና ከትዝታ፣ ከውጭ ሰዎች ጽሑፍም ነው መነሳት ያለባችሁ። ጥሩ መግቢያ የሚሆነው ሪቻርድ ፓንክረስት በ1975 በጆርናል ኦፍ ኢትዮፒያን ስተዲስ ላይ ስለ ኅዳር በሽታ ያወጡት ጽሑፍ ነው።

የኢትዮጵያ ጋዜጦችን ለሌላ ርዕስ የምትጠቀሙ ደግሞ ከሁሉ በፊት አቆጣጠሩን አስተካክሉ። ጥቅምት 1966 የሚል አዲስ ዘመን ኦክቶበርና ኖቬምበር 1973 ነው። ከኸራልድ ወይም ከውጭ ጋዜጣ ጋር ስታነጻጽሩ ይህን ካልያዛችሁ ሰባት ዓመት ትስታላችሁ፤ መምህራችሁም አማርኛ አያውቅምና የሚያርማችሁ የለም።

ወደ አሠራሩ ልግባ። የአሜሪካ ኮንግረስ ላይብረሪ "ክሮኒክሊንግ አሜሪካ" የተባለ ነጻ ማኅደር አለው፤ የትም አገር ብትሆኑ ይከፈትላችኋል። ለ1918 ወረርሽኝ ደግሞ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጀው "ኢንፍሉዌንዛ ኢንሳይክሎፒዲያ" አለ፤ የ50 ከተሞችን ታሪክ ከጋዜጦቹ ጋር ይዟል። ሌሎቹ ማኅደሮች ብዙውን ጊዜ ክፍያ አላቸው፤ የኮሌጃችሁ ላይብረሪ ከፍሎባቸው ሊሆን ስለሚችል ከኪሳችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ። ስትፈልጉ የዛሬውን ቃል ሳይሆን የዘመኑን ቃል ተጠቀሙ፦ "ግሪፕ"፣ "ላ ግሪፕ"፣ "የሳንባ ምች"። ስካኑን ፊደል የሚያደርገው ኮምፒውተር የደበዘዘ ቀለም ሲያይ ይሳሳታል፤ ስለዚህ ፍለጋው ምንም ካላመጣላችሁ ቀኑን መርጣችሁ ገጹን በዓይናችሁ አንብቡ። ያደክማል፤ ከላይ የነገርኳችሁን የስልክ ማስታወቂያ ዓይነት ግን የሚገኘው እንደዚያ ነው።

አንድ ጥያቄ ሁልጊዜ ይመጣል፦ ጋዜጣ የመጀመሪያ ደረጃ ምንጭ ነው ወይስ ሁለተኛ? እንደ ጥያቄያችሁ ነው። በኦክቶበር 1918 የታተመ ዜና ለ1918 የመጀመሪያ ደረጃ ነው። በ2018 መቶኛ ዓመቱን አስመልክቶ የወጣ ረዥም ሐተታ ስለ 1918 ሁለተኛ ደረጃ ነው፤ "ሰዎች በ2018 ወረርሽኙን እንዴት አስታወሱት?" ብላችሁ ከጠየቃችሁ ግን እሱም የመጀመሪያ ደረጃ ይሆናል።

ይህ ሁሉ የድሮ ነገር ብቻ አይደለም። ሜይ 22 ቀን 2020 ላንሴት የተባለው የሕክምና ጆርናል ሃይድሮክሲክሎሮክዊን የኮቪድ ታማሚዎችን ይጎዳል የሚል ትልቅ ጥናት አወጣ፤ ጋዜጦች ወዲያው ዘገቡት፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በሦስት ቀን ውስጥ በመድኃኒቱ ላይ የሚያደርገውን ሙከራ ለጊዜው አቆመ። ጋርዲያን ጋዜጣ ግን መረጃው ውስጥ የአውስትራሊያ የሞት ቁጥር ከአገሪቱ ይፋ ቁጥር ጋር እንደማይገጥም አወጣ፤ መረጃውን ያቀረበውንም ኩባንያ መረመረ። ጥናቱ ጁን 4 ተሰረዘ። መድኃኒቱ በኋላ በሌሎች ጥናቶች ለኮቪድ እንደማይጠቅም ተረጋግጧል፤ ያ ሌላ ጉዳይ ነው። የሜይ 22ቱን ዜና ብቻ ይዞ ወረቀት የጻፈ ተማሪ የተሰረዘ ጥናት ጠቅሷል፤ የምርመራ ዘገባውን ያነበበው ግን ታሪኩን ሙሉውን አግኝቷል። ስለዚህ የጤና ዜና ስትጠቅሱ ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት የወጣውን እርማትና ተከታይ ዘገባም ፈልጉ።

በመጨረሻ ለቀድሞ ተማሪዎች አንድ ጥያቄ አለኝ። በየከተማው የኛ ሰው ያሳተማቸው የአማርኛ ጋዜጦችና መጽሔቶች ነበሩ፤ ከሱቅና ከምግብ ቤት በነጻ የሚወሰዱ። ከነዚያ ውስጥ በአንድም የመረጃ ቋት የማይገኝ አለ። የመጀመሪያዎቹ የሐበሻ ነርሶችና የነርስ ረዳቶች እዚህ እንዴት እንደኖሩ ለማጥናት አስቤያለሁ፤ ለዚያ የሚያስፈልገኝ የፊት ገጹ ፖለቲካ ሳይሆን ከኋላ ያለው ነው፦ "ክፍል የሚከራይ"፣ "ልጅ የምትጠብቅ"፣ የነርስ ረዳት ሥልጠና ማስታወቂያ፣ የሐዘን መግለጫ፣ የእንኳን ደስ አላችሁ። ጋራዥ ወይም ምድር ቤት ውስጥ በካርቶን ያስቀመጣችሁት ካለ ለማኅበሩ አውሱን፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ላይብረሪ ውስጥ ስካን አድርገን እንመልስላችኋለን። እባካችሁ የማስታወቂያ ገጾቹን ቀዳችሁ አትጣሉ።